ሰንበት የማይነካበት ዕቅድ፦ ለመጀመሪያው ረጅም ትሪያትሎን የ28 ሳምንት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ከመጀመሩ በፊት

ርቀቱ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ልኩ እንዲህ ያልተስተካከለው ከሦስት የተለያዩ ውድድሮች ስለተለቃቀመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሦስቱ ተገጣጥመው በሃዋይ ኦዋሁ ደሴት የመጀመሪያው አየርንማን ሲካሄድ 15 ሰዎች ተነሥተው 12ቱ ጨረሱ። ዛሬ በአብዛኞቹ ውድድሮች የሚሰጠው ጊዜ 17 ሰዓት ነው፤ ዋናውን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ውስጥ ያልጨረሰ ወደ ብስክሌቱ አያልፍም።

በዕቅዱ ወረቀት ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ሰንበት ነው። በዚያ ቀን ዋናም፣ ብስክሌትም፣ ሩጫም፣ “ትንሽ መንጠራራት ብቻ” የሚባልም የለም። ስድስቱ ቀን የተደለደለው ከዚያ በኋላ ነው። የተለመደው አደላደል ቅዳሜ ረጅም ብስክሌት፣ እሑድ ረጅም ሩጫ ነው። እሑድ ሲዘጋ ረጅሙ ሩጫ ወደ ረቡዕ ማለዳ ሄደ፤ ድልድሉም ይህን መሰለ፦ ሰኞ ዋናና የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ማክሰኞ ብስክሌት በኢንተርቫል (ፈጣንና ቀላል እየተፈራረቀ)፣ ረቡዕ ረጅም ሩጫ፣ ሐሙስ ዋና፣ ዓርብ ዋናና አጭር ቀላል ሩጫ፣ ቅዳሜ ረጅም ብስክሌትና ወዲያው ከላዩ ሩጫ። በሁለቱ ረጅም ሥራዎች መካከል ሁለት ቀን ገባ፤ ለእግር ይህ ከተለመደው ይሻላል።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም አስቀድመው ወረቀቱ ላይ ወጡ። አንደኛው የጾም ቀናት ናቸው። ሁለተኛው የውድድሩ ቀን ነው፤ ረጃጅም ውድድሮች አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ወይም እሑድ ስለሚውሉ ቀኑን ሳያዩ ተመዝግቦ ገንዘብ መክፈል ያስቆጫል። የተመረጠው የቅዳሜ ውድድር ነው።

ሳምንት 1፤ ልኬት

በግምት መሥራት የሚጎዳው በተለይ ጀማሪን ነው፤ ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ይፈጥናልና። ሦስት ፈተናዎች በሦስት የተለያዩ ቀናት ተደረጉ።

ዋና፦ ከማሟሟቂያ በኋላ 400 ሜትር በሙሉ አቅም፣ በቂ ዕረፍት፣ ከዚያ 200 ሜትር። ውጤቱ 9፡20 እና 4፡20። የሁለቱ ልዩነት 200 ሜትር በ5 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ የመነሻ ፍጥነቱ ለ100 ሜትር 2፡30። ቀጣዩ የዋና ልምምድ ሁሉ ከዚህ ቁጥር ይነሣል።

ብስክሌት፦ 20 ደቂቃ በተቻለ መጠን በእኩል ጉልበት። አማካዩ 190 ዋት፤ በ0.95 ሲባዛ 180 ዋት ገደማ፤ የብስክሌቱ መነሻ ይህ ነው። ጉልበት መለኪያ የሌለው የልብ ምቱን ይመዝግብ፤ ያም ይሠራል።

ሩጫ፦ ብቻን 30 ደቂቃ በጥንካሬ፤ የመጨረሻው 20 ደቂቃ አማካይ የልብ ምት ይወሰዳል። 168 ሆነ። የዞን ሁለት (ረጅም ጊዜ የሚያዝ ቀላል ጥንካሬ) ወሰን ከዚህ 85 እስከ 89 በመቶ ስለሆነ ከ143 እስከ 150 ነው። ከሥራው አብዛኛው በዚህ ወሰን ውስጥ ይዋላል።

ሰዓቱ የልብ ምት በስህተት የሚያሳይበት ጊዜ አለ፤ የእጅ አንጓ መለኪያ በብርድና በንዝረት ይሳሳታል። ያን ጊዜ የሚያገለግለው አሮጌው ዘዴ ነው፦ የታወቀ አጭር ጸሎት ድምፅ አውጥቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማለት። ሳይቆራረጥ ከተባለ ፍጥነቱ ልክ ነው። በየሁለት ቃሉ አየር መሳብ ካስፈለገ ዞን ሁለት አልፏል።

ሳምንት 2 እስከ 4፤ ውኃው

በነዚህ ሳምንታት በአንድ ልምምድ ከ1,500 ሜትር በላይ አልተዋኘም። ርቀት የሚጨመረው አካል ውኃው ላይ ተዘርግቶ መተኛት ሲችል ነው። የጀማሪ እግር የሚሰምጠው በእግር ድክመት ሳይሆን በጭንቅላት ነው፤ ዓይን ወደፊት ሲያይ ጭንቅላት ይነሣል፣ ጭንቅላት ሲነሣ ዳሌ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚዋኘው ሽቅብ ነው። ዓይን ወደ ገንዳው ወለል ይሁን።

ሁለተኛው ጥፋት ትንፋሽን ውኃ ውስጥ ማፈን ነው። ፊት ውኃ ውስጥ እያለ አየሩ ካልወጣ፣ አፍ ሲወጣ ማስወጣትና ማስገባት በአንዲት ቅጽበት ይጋጫሉ። በ50 ሜትር የሚያስቃትተው ብዙ ጊዜ የአቅም ማነስ አይደለም፤ ያልወጣ አየር ነው። መድኃኒቱ ፊት እንደገባ ወዲያው በአፍንጫና በአፍ አረፋ መልቀቅ ነው። አጭር ጸሎት ለሁለት ተከፍሎ ረጅሙ ክፍል ከማስወጣት፣ አጭሩ ከማስገባት ጋር ሲገጠም ምቱ ሳይቆጠር ይጠበቃል።

የተሠራው፦ 200 ሜትር ማሟሟቂያ፣ 8 ጊዜ 50 ሜትር ቴክኒክ (አንድ ክንድ ብቻ፣ ጣት ውኃውን እየነካ የሚመለስ ክንድ፣ በጎን መንሳፈፍ)፣ 6 ጊዜ 100 ሜትር በ2፡35፣ በየመካከሉ 20 ሰከንድ ዕረፍት፣ 200 ሜትር ማብረጃ። ስድስተኛው 100 ሜትር ከመጀመሪያው ከ5 ሰከንድ በላይ ከዘገየ የመጀመሪያው ፈጥኗል ማለት ነው።

ሳምንት 5፤ ጉልበት

ከቅዳሜው 70 ኪሎ ሜትር በኋላ ሕመም ከጉልበት ፊት ለፊት ታየ። የብስክሌት የጉልበት ሕመም የት እንደሚያም ከታወቀ መንስኤው ግማሹ ተገኝቷል፦ ከፊት ካመመ አብዛኛውን ጊዜ መቀመጫው ዝቅ ብሏል፣ ከኋላ ካመመ ከፍ ብሏል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቱ ከቀጥታ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ መታጠፍ ይኖርበታል። ሲለካ 42 ነበር። መቀመጫው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ዙር 5፣ 5 ሚሊ ሜትር ወጣ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲለወጥ ሌላ ቦታ ያማል። ማርሹም ቀለለ፤ በደቂቃ 70 ዙር ይረገጥ የነበረው ወደ 85 ወጣ።

ብሎኖቹ በመለኪያ መፍቻ ይጥበቁ። ካርቦን ክፍሎች ላይ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ተብሎ ተጽፏል፤ በእጅ ግምት የጠበቀ ካርቦን ይሰነጠቃል፣ የላላ መቀመጫ ደግሞ መንገድ ላይ ይወርድና ጉልበቱ ተመልሶ ያማል። መቀመጫው የወጣበት ልክ በፕላስተር ምልክት ተደረገበት።

ሳምንት 8፤ ዕዳ የለም

አሠራሩ ሦስት ሳምንት መጨመር፣ በአራተኛው ሲሶ ያህል መቀነስ ነው። የሳምንቱ ሥራ ከ6 ሰዓት ተነሥቶ 9 ሰዓት ደርሷል። በ7ኛው ሳምንት በጉንፋን ሁለት ልምምድ ተዘለለ፣ ሌላ አንድ ደግሞ በሥራ ብዛት። ዕቅድን የሚያፈርሰው መዝለሉ አይደለም፤ የዘለሉትን ለመክፈል መሞከር ነው። ሦስት የቀሩ ልምምዶች ወደ ቅዳሜና ሰንበት ሲታጨቁ ድካም ላይ ድካም ይደራረባል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ወይ ጉዳት ወይ ሌላ ጉንፋን ነው። እዚህ ላይ የተዘጋው ቀን ሥራውን ሠራ፦ የሚታጨቅበት ቦታ የለም። ያለፈው አለፈ ተብሎ ሰኞ እንደ ተጻፈው ተጀመረ።

ለጉንፋኑ የተያዘው ደንብ፦ ምልክቱ ከአንገት በላይ ብቻ ከሆነ (ንፍጥ፣ ማስነጠስ) ቀላል 30 ደቂቃ ይቻላል። ደረት፣ ትኩሳት ወይም የሰውነት ቁርጥማት ካለ ምንም የለም፤ በትኩሳት መሮጥ ለልብ አደገኛ ነው።

ሳምንት 9 እስከ 12፤ ጾምና ነዳጅ

በዚህ ዝግጅት ብዙ ምእመናን የሚሰናከሉበት ቦታ ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ ብሎ ይጻፍ።

አካል በጡንቻና በጉበት የሚያከማቸው ግላይኮጅን (የተጠራቀመ ስኳር) 500 ግራም ገደማ ነው፤ በመካከለኛ ጥንካሬ ከ90 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይበቃል። ያ ሲያልቅ ስብ ብቻውን ፍጥነቱን አይሸከምም፤ እግር ይከብዳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አሳብ ይበተናል። ይህን እንደ መንፈሳዊ ትግል ቆጥሮ መግፋት ስህተት ነው፤ ስኳር ማለቁ ነው። ብስክሌት ላይ አሳቡ የተበተነ ሰው መኪናም አያይም።

ስለዚህ ሥራው በሦስት ተከፈለ። ሆድ ባዶ በሆነበት ሰዓት ከ60 ደቂቃ ያልበለጠ ዞን ሁለት ብቻ፣ ወይም የዋና ቴክኒክ (ብቻን ሳይሆን)። ኢንተርቫል ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ ምግቡ ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ። ከ2 ሰዓት በላይ የሆነው ረጅም ሥራ በጾም ሰዓት አይያዝም፤ ውኃም በሚከለከልበት ጾም ጨርሶ አይታሰብም። ቀኑ ከተጋጨ የሚነሣው ልምምዱ ነው። በጾሙ ጊዜ የሳምንቱ ጠቅላላ ሰዓት ከ10 ወደ 7.5 ወረደ፤ የ12ኛው ሳምንት ፈተና ግን ብቃቱ እንዳልወረደ አሳየ፦ 400 ሜትር 8፡36፣ 200 ሜትር 4፡04፣ ማለትም ለ100 ሜትር 2፡16።

የእንስሳት ተዋጽኦ በማይበላበት ጾም የሚጎድለው መጀመሪያ ፕሮቲን ነው። በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ያህል ከጥራጥሬና ከለውዝ ተሞላ። በአንድ ጊዜ ተበልቶ አይሞላም፤ በሦስት ወይም በአራት ገበታ ይከፋፈላል። ጾሙ ለወራት የሚረዝም ከሆነ የብረትና የቢ12 መጠን በደም ምርመራ ይታይ። ስለ ሕመም የሚጠራጠር ሰው ሐኪሙንም ነፍስ አባቱንም ቀድሞ ያነጋግር፤ ሁለቱም አይቆጡም።

ሳምንት 13፤ የተረከዝ ጅማት

ጠዋት ከአልጋ ሲወረድ ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት ደረቀ፤ ሲሄዱበት ይለቃል፣ ማግስቱን ይመለሳል። መንስኤው አልተደበቀም፦ ከጾሙ በኋላ ረጅሙ ሩጫ በአንድ ሳምንት ከ14 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ዘልሏል። ሩጫው ለ10 ቀን በግማሽ ተቀነሰ፣ ዳገት ተተወ። በደረጃ ጠርዝ ላይ ተረከዝን ቀስ ብሎ ማውረድ 3 ጊዜ 15፣ በቀን ሁለቴ፤ አንዴ ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ አንዴ ትንሽ ታጥፎ። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፣ ለሳምንታትም ይቀጥላል። ብስክሌቱና ዋናው አልተነኩም። የጫማው ርቀትም ተቆጠረ፤ 740 ኪሎ ሜትር ሄዶ ነበር፣ ተለወጠ።

ሳምንት 16፤ የግማሽ ርቀት ልምምድ

1.9፣ 90 እና 21.1 ኪሎ ሜትር። ዋናው በ44 ደቂቃ፣ ያለ ችግር። ብስክሌቱ ላይ አማካዩ 152 ዋት ሆነ፤ የዚያን ጊዜው መነሻ 195 ስለነበር 78 በመቶ ነው። እየተሠራ ሳለ ቀላል ይመስላል፤ ዋጋው የሚከፈለው በሩጫው ነው። የመጀመሪያው 5 ኪሎ ሜትር እያንዳንዱ በ6፡10 ሄደ፣ የመጨረሻው በ8፡20። የተወሰደው ካርቦሃይድሬት ሲደመር በሰዓት 35 ግራም ብቻ ነበር። ሁለቱ ጥፋቶች አንድ ላይ ሲመጡ የትኛው እንደጣለ መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ሁለቱም ይታረማሉ።

እርማት አንድ፦ በሙሉው ርቀት ከ65 እስከ 70 በመቶ፣ ማለትም ከ127 እስከ 137 ዋት፤ ዳገት ላይም ቢሆን ከ165 አይበልጥም። እርማት ሁለት፦ በሰዓት 75 ግራም። አንጀት ግሉኮስን ብቻውን በሰዓት 60 ግራም ያህል ብቻ ያሳልፋል፤ ፍሩክቶስ በሌላ በር ስለሚገባ ሁለቱ ሲደባለቁ ከዚያ በላይ ይቻላል። ተራ ስኳር የሁለቱ እኩል ድብልቅ ስለሆነ መጥፎ መነሻ አይደለም፦ 750 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 60 ግራም ስኳር፣ 1 ግራም ጨው (390 ሚሊ ግራም ሶዲየም ገደማ)። የቀረው ከጄል (ወፍራም የስኳር ፈሳሽ) ወይም ከሙዝ ይመጣል። ሆድም እንደ ጡንቻ ይሠለጥናል፤ በ45 ግራም ተጀምሮ በየሳምንቱ 10 ግራም ተጨመረ። በ65 ላይ አንድ ቀን ሆድ ተነፋ፤ ጄሉ ያለ ውኃ ስለተዋጠ ነበር።

ሳምንት 18፤ ክፍት ውኃ

ብቻን አይገባም። ደማቅ ቆብና ከወገብ የሚታሰር ተንሳፋፊ ግዴታ ነው። ዌትሱቱ (ሙቀት የሚይዝ የዋና ልብስ) ሲለበስ ጭኑ መጋጠሚያ ድረስ በደንብ ካልተሳበ ትከሻ ይይዛል፤ ደረት የታፈነ ይመስላል። በጥፍር ሳይሆን በጣት ሆድ ይሳብ፣ ጥፍር ይቀደዋል። አንገት ላይ ቅባት ይደረግ፤ ያለዚያ አንገት ይላጣል።

ቀዝቃዛ ውኃ ፊት ሲነካ ትንፋሽ ራሱ ይዘላል፤ ይህ የአካል ምላሽ ነው፣ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ውስጥም ይበርዳል። ሳይዋኙ መቆም፣ ፊትን ማርጠብ፣ ረጅም ማስወጣት። መካከል ላይ ፍርሃት ከያዘ በጀርባ መገልበጥ፣ እጅ መዘርጋት፣ የለመዱትን ጸሎት ቀስ ብሎ ሦስት ጊዜ ማለት፤ ሲያልቅ ትንፋሽ ወደ ልኩ ተመልሷል። ካልተመለሰ እጅ አንሥቶ ጀልባ መጥራት ያስፈልጋል፤ ጀልባ ይዞ ማረፍ ወደፊት እስካልተሄደበት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ አያስወጣም።

አቅጣጫ ለማየት በየ8 ክንዱ ዓይን ብቻ ከውኃ በላይ ይውጣ። የመጀመሪያው ቀን 2,000 ሜትር የታሰበው በሰዓቱ 2,310 ሆነ፤ 310 ሜትር ጠመዝማዛ መሆኑ ነው። ከኋላ ሆኖ የሰው እግር መከተል በዋና ይፈቀዳል፣ ጉልበትም ይቆጥባል። በብስክሌት ግን ክልክል ነው፤ ቢያንስ 12 ሜትር ርቀት ይጠበቃል።

ሳምንት 20 እስከ 25፤ ረጃጅም ቅዳሜዎች

130፣ 145፣ 110፣ 160፣ 165፣ 120 ኪሎ ሜትር። ከላዩ ሁልጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ሩጫ። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር እግር የሌላ ሰው ይመስላል፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይመለሳል። ረጅሙ ሩጫ ከ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አላለፈም። ከዚያ በላይ የሚገኘው ጥቅም ትንሽ፣ ማገገሚያው ግን ሳምንት ነው።

የላብ ልኬት፦ ከሥራ በፊት 68.0 ኪሎ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 67.3፣ የተጠጣው ግማሽ ሊትር፤ ስለዚህ በሰዓት 1.2 ሊትር ይወጣል። ሁሉን መተካት አያስፈልግም፣ ከላቡ በላይ መጠጣት ደግሞ የደም ሶዲየምን አውርዶ ሊገድል ይችላል። በሰዓት 750 ሚሊ ሊትር ተያዘ።

በ22ኛው ሳምንት ጎማ ፈነዳ። ካለማዳሪያው ተለውጦ ከ3 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ተነፈሰ፤ የመጀመሪያውን የቀደደው ሽቦ ከጎማው ውስጥ አልወጣም ነበር። አዲሱ ከመግባቱ በፊት የጎማው ውስጥ በጣት ዙሪያውን ይዳሰስ (ቀስ ተብሎ፣ ያቆስላል)። በጋዝ ቆርቆሮ የተነፋ ካለማዳሪያ በማግስቱ ወርዶ ይገኛል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጎማው ውስጥ ከአየር ይልቅ ፈጥኖ ያልፋልና። ቤት ሲገቡ ተንፍሶ በፓምፕ ይሞላ።

ስድስት ሰዓት ብቻን መቀመጥ ጉልበት ብቻ አይፈልግም። 160 ኪሎ ሜትሩ በ10፣ 10 ተከፈለ፤ ለእያንዳንዱ አሥር አንድ የሚጸለይለት ሰው ስም በወረቀት ተጽፎ መሪው ላይ ተለጠፈ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ አሳብ “ምን ያህል ቀረኝ” የሚለው ላይ ሲጣበቅ ቀጣዩ ስም ያላቅቀዋል። ስሙ በተለወጠ ቁጥር አንድ ጊዜ መጠጣትና መብላት ተያያዘበት፤ የምግብ ማስታወሻ ደወል ማጥፋት ተቻለ።

ሳምንት 26 እስከ 28፤ መቀነስ

የሳምንቱ የሥራ ሰዓት ወደ 75፣ 55፣ 30 በመቶ ወረደ፤ ፍጥነቱ ግን አልወረደም፣ አጫጭር ፈጣን ሥራዎች ቀሩ። በዚህ ጊዜ የሌለ ሕመም ይሰማል፣ ጉሮሮ የተከረከረ ይመስላል፣ እጅ “ለማረጋገጥ ያህል” ረጅም ሩጫ ይጽፋል። አይሮጥም። ሰንበትን 26 ጊዜ ያከበረ ሰው ሥራ ሳይሠሩ መቀመጥን ለምዷል፤ ለዚህ ሳምንት የጠቀመው ልምምድ ምናልባት ያ ነው።

ዋዜማ፦ ፍሬን፣ ማርሽ፣ የጎማ ንፋስ፣ የሰንሰለት ዘይት። ቦርሳዎቹ ከጫማ እስከ ቁጥር ቀበቶ ተፈትሸው ተሰጡ። አዲስ ነገር አልገባም፤ ካልሲም ቢሆን። ጸሎቱ ከፍተሻው በኋላ ተደረገ፤ ሳይፈተሽ የቀረ ፍሬን እያለ አሳብ አይሰበሰብምና።

የውድድሩ ቀን

ከመነሻው 3 ሰዓት ቀድሞ 140 ግራም ካርቦሃይድሬት። ዋና 1፡31። መለዋወጫ (ከዋና ወደ ብስክሌት መሸጋገሪያው) 0፡11፤ ሄልሜት ተቆልፎ ብስክሌቱ ከዚያ ተነካ፣ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ቅጣት አለው። ብስክሌት 7፡06፣ አማካይ 129 ዋት፤ 18 ስሞች፣ 14ኛው ላይ የፊት ንፋስ ተነሥቶ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 21 ኪሎ ሜትር ወረደ፣ ዋቱ ግን አልተጨመረም። ሁለተኛው መለዋወጫ 0፡08። ሩጫ 5፡24፤ በየውኃ ጣቢያው ከ30 እስከ 40 ሰከንድ በእርምጃ፣ ከ31ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ጄል አልወርድ ስላለ ኮላና ውኃ። ድምሩ 14፡20።

ማግስቱ

ሰንበት ነው። ደረጃ ሲወረድ የኋሊት ይቀላል። ብስክሌቱ እስከ ሰኞ ሳይታጠብ ቆየ፤ ጨውና የስኳር ውኃ ያረፈበት ሰንሰለት በአንድ ቀን ጫፍ ጫፉን ዛገ፣ በጨርቅና በዘይት ለቀቀ። ሩጫ ለሁለት ሳምንት የለም፤ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ 20 ደቂቃ ዋና ብቻ።